የሻለቃ ኢሜይልና የመስሪያ ቤቱ ሲም፦ ከቱሉ ዲምቱ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት፤ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። "ኢሜይሌ አልከፍት አለኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ይህኛው ግን አምስት ሳምንት ፈጀ። መሃል ላይ እኔም ተሳስቻለሁ፤ ባለጉዳዩም ገንዘብ ተበልተዋል።

ወታደር ጡረታ ሲወጣና ከመስሪያ ቤት ኢሜይሉ ሲለያይ ምን እንደሚገጥመው ጥሩ አድርጎ ስለሚያሳይ ልጽፈው ወሰንኩ። ባለጉዳዩ "ስሜን ተይው እንጂ ጻፊው፤ ሌላው ይማርበት" ብለውኛል። ስለዚህ ስማቸውን፣ የሠሩበትን ተቋምና ያመለከቱበትን ድርጅት አልጠቅስም።

ባለጉዳዩ

ሰፈር ውስጥ ሁሉም "ሻለቃ" ነው የሚላቸው። ከ30 ዓመት በላይ አገልግለው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጡረታ ወጡ። የመጨረሻ ሥራቸው በአንድ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ተልእኮ አብዬ ላይ በስታፍ ኦፊሰርነት ሠርተዋል። አብዬ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት ግዛት ነው። ተልእኮው በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሲቋቋም ጦሩ ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያ ነበር።

ሻለቃ በዕድሜያቸው አራት የኢሜይል አድራሻ ነበራቸው። ይህን ያወቅነው ግን ጉዳዩ ከተጀመረ በኋላ ነው። አንደኛው በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ቤት ገብተው የከፈቱት ያሁ ነው። ሁለተኛው አብዬ እያሉ ተልእኮው የሰጣቸው ነው። እዚያ ለተራው የጦር አባል ኢሜይል አይሰጥም። ስታፍ ኦፊሰርና ወታደራዊ ታዛቢ ግን ሥራው ሪፖርት መላላክ ስለሆነ ይሰጠዋል። ሦስተኛው የማሠልጠኛው ነው። አራተኛው ጂሜይል ሲሆን የከፈተላቸው ስልክ የሸጠላቸው ልጅ ነው። ልጁ የልደት ቀናቸውን ጥር 1 ቀን 1990 ብሎ ሞልቶታል፤ ያውም በፈረንጆቹ። ሻለቃን የልጃቸው እኩያ አደረጋቸው ማለት ነው።

ከአራቱ የሚያምኑትና የሚኮሩበት ሦስተኛውን ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ቆዩ። ማንም አልዘጋውም፤ ማንም ተውት አላላቸውም። ሥራ ሲያመለክቱ የሚሰጡት ይህንኑ አድራሻ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "በያሁ አድራሻ ማን ሰው ብሎ ያየኛል?" አሉ። ከዚያ በ2016 ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ጠዋት ፓስወርድዎ ልክ አይደለም አላቸው። ኔትወርክ ነው ብለው ተዉት።

ችግሩ

ሱቄ የመጡት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። የዲቪ ሰሞን ነበር፤ ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ደርሷል። ሻለቃ ተራቸውን ጠብቀው ገቡና በለሆሳስ "ልጄ፣ ተቸግሬአለሁ" አሉኝ።

አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለጸጥታ አማካሪነት አመልክተው ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ከድርጅቱ አንዲት ሴት ደውላ "ሁለት ጊዜ ኢሜይል ልከንልዎት መልስ አልሰጡንም" አለቻቸው። ለመጀመሪያው ማጣሪያ አልፈዋል። የአብዬ አገልግሎታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃና የሥልጠና ሰርተፍኬቶቻቸውን በ12 ቀን ውስጥ መላክ አለባቸው። ደብዳቤው ያለው በተዘጋው ኢሜይል ውስጥ ነው። ሰርተፍኬቶቹም ስካን ተደርገው የተቀመጡት እዚያው ነው። ቢያንስ እሳቸው የሚያስቡት እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ከሰዓት

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ሻለቃ ፓስወርድ የጻፉባትን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዘው መጥተዋል። እኔም ሰልፉን ለመቀነስ ቸኩዬ ከደብተሯ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። ትልቁ ፊደል ነው ትንሹ? ዜሮ ናት ወይስ ኦ? ሰባተኛው ሙከራ ላይ የመስሪያ ቤቱ ኢሜይል ጨርሶ ቆለፈ። ወደ ጂሜይሉ ሄድኩ፤ እዚያም እንዲሁ። ጉግል ከሙከራ ብዛት ተጠራጥሮ ቆይታችሁ ሞክሩ አለን። ያሁው ብቻ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። ያሁ 12 ወር ያልተከፈተ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል፤ ተመልሶም አይገኝም። ሻለቃ የ1990ዎቹ ደብዳቤዎቻቸውን ፈልገው ወደታች ሲያንሸራትቱ ማየት ያሳዝን ነበር።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ሌላ ነው። ለደወለችው ሴት መልሶ መደወልና "አድራሻዬ ተቀይሯል፣ በዚህኛው ላኩልኝ" ማለት። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ በአራተኛው ቀን ነው። አዲስ ጂሜይል ከፈትንላቸው፤ ሻለቃ ደወሉ፤ ደብዳቤው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። አራት ቀን ሙሉ በር ስንሰብር የከረምነው መልእክቱን የላከው ሰው ስልክ በእጃችን እያለ ነው።

ቀብድ የበላው ልጅ

በእነዚህ አራት ቀናት መሃል ሻለቃ ሳይነግሩኝ አንድ ነገር አድርገዋል። የሰፈር ልጅ በቴሌግራም "ማንኛውንም ኢሜይል ይከፍታል" ከተባለ ሰው ጋር አገናኛቸው። ሰውዬው 6,000 ብር ጠየቀ። 2,000 ቀብድ ላኩለት። በማግስቱ አካውንቱ ጠፋ።

ገንዘቡ ቢያናድድም ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም። ሰውዬው እውነትም ቢከፍተው ኖሮ ይብስ ነበር። የመስሪያ ቤት ሥርዓት ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ኢሜይሉ በአንድ ወቅት የኔ ነበር ማለት ፈቃድ አይሆንም። ይህን ስነግራቸው ሻለቃ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ለካ በጡረታዬ ወንጀለኛ ልሆን ነበር" አሉ።

ስልኩን ያነሳው መቶ አለቃ

የድሮውን ጂሜይል ለመክፈት ጉግል ኮድ የሚልከው ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የመስሪያ ቤቱ ሲም ነበር። ሻለቃ ጡረታ ሲወጡ በክሊራንስ መልሰውታል። የድሮው ስልካቸውም ወድቆ ተሰብሯል፤ አዲሱ ላይ ልጃቸው በራሱ ጂሜይል ነው የገባላቸው።

ወደ ቁጥሩ ደወልን። አንድ ወጣት መቶ አለቃ አነሳ። ሻለቃን በስም ያውቃቸዋል። ኮዱን እንዲያነብልን ስንጠይቀው ግን እንዲህ አለ፦ "ይቅርታ ሻለቃ፣ ኮድ ለማንም በስልክ አንሰጥም። ድምፅዎ ይመስላል፤ ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም።" እኔ ተናደድኩ። ሻለቃ ግን ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው በርቷል። "ጎበዝ ልጅ! እኔ ያሠለጠንኩት ቢሆን ደስ ባለኝ።"

በማግስቱ በአካል ሄዱ። መስሪያ ቤቱ አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ተቀምጠው መታወቂያቸውን አሳዩት፤ ኮዱ መጣ፤ ልጁ አነበበላቸው፤ ጂሜይሉ ተከፈተ። ከዚያ መቶ አለቃው ፈራ ተባ እያለ አንድ ነገር ነገራቸው። "ሻለቃ፣ በየወሩ ጡረታዎ ባንክ ሲገባ መልእክቱ ለኔ ነው የሚደርሰኝ። ቀሪ ሒሳብዎንም አየዋለሁ። እንዴት ልንገርዎ ብዬ ነው።"

ነገሩ ከኢሜይል በላይ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሻለቃ በዚያ ሲም ባንክ ተመዝግበዋል። ፋይዳ ሲያወጡም የሰጡት ያንኑ ቁጥር ነው። የፋይዳ ማረጋገጫ ኮድ በሰጡት ስልክ ነው የሚመጣው፤ ያ ስልክ ደግሞ አሁን የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። መቶ አለቃው ጨዋ ሰው ሆነ እንጂ ሌላ ቢሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

የዚያን ቀን ወረቀት አወጣሁና "በዚያ ቁጥርና በዚያ ኢሜይል ምን ምን ተመዝግቧል?" ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ባንክ፣ ፋይዳ፣ ጂሜይል፣ ሊንክዲን፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት፣ ዕድር። ዕድሩን ስንጽፍ ሳቁ፤ የዕድሩ ጸሐፊ የስብሰባ ጥሪ ሲልክ የኖረው ለመቶ አለቃው ነው። እሳቸው ደግሞ ለመቅረት ቅጣት ሲከፍሉ ነበር።

ባንኩ መታወቂያና ደብተር ይዘው ቅርንጫፍ ሲሄዱ ቁጥሩን ቀየረላቸው። ለፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ በአካል ቀርበው፣ አሻራ ሰጥተው አስተካከሉ። ሁለቱ ባንድ ሳምንት አለቁ። የጡረታ ክፍያው ራሱ በኢሜይል ላይ የተንጠለጠለ ስላልነበረ በዚያ በኩል አልተነካኩም።

ሁለት ማመልከቻዎች

የመስሪያ ቤቱ ኢሜይል ግን እንደተቆለፈ ነው። ሻለቃ የመጀመሪያውን ማመልከቻ በእጃቸው ጽፈው ወሰዱ። "ጉዳዩ፦ ኢሜይሌ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ" ይላል። ከዚያ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ አገልግሎታቸው፣ ስለ ሀገር ፍቅርና ስለ ምስጋና ቢስነት። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። መዝገብ ቤት የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፦ "ተመርቷል።" ወደ ማን እንደተመራ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ በቃል "አይቻልም፣ የሠራተኛ ብቻ ነው" አላቸው።

እውነቱን ለመናገር ኃላፊው ልክ ነበር። ሻለቃ ይህን መቀበል ከበዳቸው፤ እኔም በሌላ ቋንቋ ነገርኳቸው። "ሻለቃ፣ ጠመንጃዎን ሲመልሱ በየሳምንቱ መጥቼ ልተኩስበት ብለዋል?" ኢሜይሉ የሥራው ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም። በስማቸው መጻፉ ነው የሚያሳስተው።

ነገር ግን መስሪያ ቤቱም ንጹሕ አይደለም። የክሊራንስ ወረቀታቸውን አሳይተውኛል። ንብረት ክፍል ፈርሟል። ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ሁሉም ፈርሟል። ብርድ ልብስ ሳይቀር መስመር አለው። ስልክና ሲምም ተረክቧል። ኢሜይል የሚል መስመር ግን የለም። እሳቸውን ጠርቶ "በዚህ ቀን ይዘጋል፣ የግልዎን አውጡ" ያለ ሰው አልነበረም። በአገልግሎታቸው መጨረሻ ዓመታት ከደመወዛቸው 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው ደግሞ ለወታደር 25 በመቶ ይጨምራል። ያ ሁሉ እስከ ሳንቲሙ ተመዝግቦ ተቀምጧል። የሰውዬው የዓመታት ደብዳቤ ግን አንድ ቀን ጠዋት ያለ ማስታወቂያ ተዘጋ።

ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ ጦር ኤኬኦ በሚባለው ድረ ገጹ ለጡረተኞቹም ኢሜይል ይሰጥ ነበር። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ጡረተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ከዚያ አስወጣ። ልዩነቱ ቀድሞ ማስታወቁና ለተወሰነ ጊዜ ደብዳቤው ወደ ግል አድራሻቸው እንዲዞር መፍቀዱ ነው።

ሁለተኛውን ማመልከቻ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ናት። "ጉዳዩ፦ የግል ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።" ስለ ሀገር ፍቅር ምንም የለባትም። የይለፍ ቃል እንደማይጠይቁ በመጀመሪያው መስመር ተናገርን። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅን። አንደኛ፣ የዘጠኝ ሰነዶች ቅጂ፤ እያንዳንዱ ከማን እንደተላከ፣ በግምት በየትኛው ወር፣ ስለምን እንደሆነ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ወደዚያ አድራሻ ለሚጽፍ ሰው ለ30 ቀን "አዲሱ አድራሻ ይህ ነው" የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ። በተጨማሪም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘ መረጃ የማግኘት መብት እንደሚሰጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀስን። ግልባጭ ለአይቲ ክፍል አደረግን። ግልባጩ ነው የሠራው፤ ከአይቲ የደወለው ልጅ "እስካሁን ምን እንደምትፈልጉ የነገረን አልነበረም" አለ።

በአሥር ቀን ውስጥ ከዘጠኙ አምስቱን ታትመው፣ ማኅተም አርፎባቸው ሰጧቸው። አራቱን የሥራ ሰነድ ናቸው ብለው ከለከሉ። የ30 ቀኑን መልስ አልፈቀዱም፤ ምክንያትም አልሰጡም።

ሳምሶናይቱ

አሁን ወደ 12 ቀኑ ልመለስ። የመስሪያ ቤቱ ቅጂዎች የመጡት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ በጊዜው ምን ላክን?

የተከፈተው ጂሜይል ውስጥ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም። የፎቶ ማስቀመጫው ግን በራሱ ሲሞላ ኖሯል። ከሠርግና ከልደት ፎቶዎች መሃል በስልክ የተነሱ ሦስት ሰርተፍኬቶች አገኘን። አንዱ ላይ የቡና ስኒ ጥላ አለ፤ ቢሆንም ይነበባል።

የአብዬው ማስረጃ ግን አልተገኘም። የተልእኮው ኢሜይል ግዳጃቸው ሲያልቅ ነው የተዘጋው፤ እዚያ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረንም። ሻለቃ ተስፋ ቆርጠው ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው "የምትፈልገው ያ ሰማያዊ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው?" አሏቸው። አልጋ ሥር ያለው አሮጌ ሳምሶናይት ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከጋብቻ ወረቀቱና ከቤቱ ውል ጋር ተቀምጧል። ኦርጅናሉ ነው። ከሜዳሊያው ጋር የተሰጠው ሰርተፍኬትም አለ። ባለቤታቸውን አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ስለ ኮምፒዩተር ነው የሚያወሩት ብለው ዝም ብለዋል። ስካን አድርጌ በ11ኛው ቀን ላክነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የላክነው ከስልኬ ነው።

አዲሱ አሠራር

በስማቸው አዲስ ሲም አወጡ። አዲሱ ጂሜይል በዚያ ሲም ተመዝግቧል። ለመጠባበቂያ የሴት ልጃቸው ኢሜይል ገባ። የልደት ቀናቸው እውነተኛው ነው። ጉግል ስልክ ሲጠፋ የሚያገለግሉ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ አትመን ላሚኔት ሳናደርግ ለባለቤታቸው ሰጠናቸው። ላሚኔት ያላደረግነው የተሠራበት ኮድ ላይ በእስክሪብቶ እንዲሰርዙ ነው። ወረቀቱ ሳምሶናይቱ ውስጥ ነው። ከድሮው ጂሜይል የሚፈለገውን አውጥተን ቁጥሩን ቀየርነው። አልተዘጋም፤ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ሊያጠፋ ስለሚችል በየስድስት ወሩ ገባ ብለው ይወጣሉ።

ደብተሯ ላይ አልተስማማንም። እኔ ፓስወርድ በደብተር አይጻፍ እላለሁ። እሳቸው "ቴሌግራም ላይ ካለው ሌባ ደብተሬ ይሻለኛል" ይላሉ። ከ2,000 ብሩ በኋላ ለመከራከር አልደፈርኩም።

ለሌላ ባለጉዳይ የሚሆነው

ይህ ጉዳይ የሱቄን አሠራር ቀይሮታል። አሁን "ኢሜይሌ ተዘጋ" የሚል ሰው ሲመጣ ኪቦርዱን አልነካም። መጀመሪያ ከውስጡ የሚፈልገው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። የሚጠብቀው መልእክት ከሆነ ላኪው ይደገምለታል። ሰነድ ከሆነ ሌላ ቦታ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ ቤት ያለውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ሌላ ነገር የሚከፍትበት ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላው ነገር በመታወቂያ፣ በአካል ይቀየራል። እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ ብቻ ነው ወደ ፓስወርድ የምንሄደው።

ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ለቀራቸው ሰዎች የምለው ከኢሜይሉ በፊት ሲሙን ነው። ባንክና ፋይዳ የተመዘገቡት በማን ቁጥር ነው? የመስሪያ ቤት ከሆነ ከመመለሱ በፊት ይቀየር። የግል ሰነድን ወደ ግል አድራሻ ማስተላለፍም በሥራ ላይ እያሉ፣ አለቃን አስፈቅዶ ነው። የሥራ ሰነድ ግን አይነካም፤ ወታደር ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

ራሴንም ልናዘዝ። በዲቪ ሰሞን ኢሜይል የሌለውን ሁሉ በሱቁ ኢሜይል ስሞላ ኖሬአለሁ። ሰልፍ ይቀንሳል። ግን ስልክ ሻጩ ልጅ ሻለቃ ላይ ከሠራው በምን ይለያል? አሁን ለእያንዳንዱ የራሱን እከፍታለሁ፤ በራሱ ሲም። አንዳንዱ ስለረዘመበት ትቶኝ ማዶ ያለው ሱቅ ይሄዳል።

አሁን ያለበት

ሻለቃ ቃለ መጠይቁን አደረጉ። ቦታውን አላገኙም፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የተከለከሉትን አራት ሰነዶች በተመለከተ ሁለተኛ ጥያቄ አስገብተዋል፤ እስካሁን "ተመርቷል"። ሊንክዲኑ አሁንም በተዘጋው ኢሜይል ስለሆነ ልንገባበት አልቻልንም። ዕድሩ የቅጣቱን ግማሽ መልሶላቸዋል። መቶ አለቃው ባለፈው ወር ደውሎ አንድ መልእክት እንደደረሰው ነግሯቸዋል፤ ከልጃቸው ትምህርት ቤት ነው፤ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት።